አየር ማጽጃው

«ዛሬ ቀኑን ሙሉ አልሳለችም» አሏት፣ ልጇን የሚጠብቁላት ጎረቤቷ እትዬ አስካለ። «ማሽኑም አረንጓዴ እንዳበራ ዋለ።»

እናት ከሥራ መግባቷ ነበር። «ተመስገን!» ብላ ትርሲትን እቅፍ ስታደርጋት ልጅቱን ሳል አጣደፋት፤ የማሽኑም መብራት ቀላ። አየር ሲበከል እንዲህ ነው የሚያደርገው። «በኤሌክትሪክ ኃይል ብናኙን ከአየር ላይ ያረግፈዋል፤ አስም ላለበት ሰው እፎይታ ነው» ብሎ ነበር ሻጩ። እሱን ለመግዛት ስትል፣ ወፍጮ ቤት ሌሎቹ የሸሹትን ሥራ ተቀብላ ስትለፋ ከርማለች።

«እነዚህ ጎረቤቶች ከሰል አቀጣጥለዋል! ልጄን ሊጨርሱብኝ ነው!» እያለች የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፈች። ሳሉ ባሰ። ትርሲት ትንፋሽ አጠራት። «አምላኬ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» አለችና ጎረቤት ልትለምን፣ እምቢ ካሉም ልትጣላ፣ በሩን በርግዳ ወጣች።

ግቢውን ዞረችው። ከሰል ያቀጣጠለ ሰው አልነበረም።

ስትመለስ እትዬ አስካለ የልጅቱን ደረት እያሹ ነው። ሳሉ ጋብ ብሏል፤ መብራቱም አረንጓዴ ሆኗል። ደስ ብሏት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

መብራቱ ቀላ።

ብድግ ብላ፣ ወደ ኋላዋ እየሄደች ደጃፉ ላይ ደረሰች። እዚያው ቆማ ሻሿን ፈታችና አራገፈችው። አፍንጫዋ የለመደው የበርበሬ ብናኝ እግሯ ሥር ረገፈ።

«እማዬ» አለች ትርሲት እጆቿን ዘርግታ፣ «ነይ እቀፊኝ።»