ያበጀ ይተንፍስበት

«ይቺም አሮጌ ናት» አለችና ትንሿን የጎማ ቀለበት በመቀስ ቀጭ አድርጋ ለሁለት ቆረጠቻት።

ባሏ ከጠረጴዛው ማዶ እጆቹን ብብቱ ሥር ወሽቆ ተቀምጧል። እንዳይነካ ተከልክሏል። ሚስት ሰዓት ሠሪ ናት፤ ማጉያዋን አንድ ዓይኗ ላይ ወትፋ፣ እሱ ባሕር ውስጥ አየር የሚስብበትን መተንፈሻ ነጭ ፎጣ ላይ ገነጣጥላዋለች። ብረታ ብረቱን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፋ በጥርስ ብሩሽ ፈትጋዋለች። መመሪያውን ሦስት ጊዜ አንብባለች። አሮጌ ጎማ በወጣ ቁጥር መጀመሪያ ትቆርጠዋለች፤ አዲሱን ከፌስታሉ የምታወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«የተቆረጠ ተመልሶ አይገባም» አለች። ልትነካው ብላ አልነበረም፤ እሱን ግን ጠቅ አደረገው።

የመርከብ ሆድ እየፋቀ የሚኖር ሰው ነው። ከአራት ወር በፊት መተንፈሻውን በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ራሱ ሲያድስ አዲሱንና አሮጌውን ጎማ አንድ ላይ ደባልቆ፣ የተሰነጠቀውን መልሶ ገጠመው። መርከቡ ሥር ሆኖ አየር ሲስብ ጨው ውኃ አፉን ሞላው። ጓደኛው ነው ጎትቶ ያወጣው። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ላይ ቆሞ የሌላ ሰው ገመድ ይይዛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ፊቱን ሲታጠብ እንኳ ልቡ ድው ድው ይላል። አለቃው ነገ ጠዋት ቁርጡን ይፈልጋል፦ ወይ ይወርዳል፣ ወይ ቦታውን ይለቃል።

ሚስት አውራ ጣት የምታክል ስስ የጎማ ክዳን በወረንጦ አወጣች። ጫፏ ተሰንጥቋል።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

እሷን አራት ቦታ ቆራረጠቻት።

ገጣጥማ ስትጨርስ ከአየር ሲሊንደሩ ጋር አሰረችውና ከፈተችው። እስስ ብሎ ዝም አለ። መጋጠሚያውን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባችው፤ የትም አልተነፋም። ወለሉ ላይ ትልቁ የልብስ ሳፋ ውኃ ሞልቶ ይጠብቃል።

«አምጪው፣ እኔ ልፈትነው» አለ። ድምፁ ግን አላገዘውም።

«ምን ሲደረግ! ወደብ ላይ ሕጋችሁ ምንድን ነው? ያበጀ ይተንፍስበት አይደል?»

«እሱ ለእኛ ነው። አንቺ እኮ ውኃ ፊትሽን እንዳይነካው ፀጉርሽን እንኳ ወደ ኋላ ተጋድመሽ ነው የምትታጠቢው።»

«ስንቱን ሰዓት ነፍስ ዘርቼበት የለ እንዴ!»

«ሰዓት ቢቆም ሰው አይሞትም።»

«ለዚህ ነዋ እኔ የምቀድመው።» ተንበረከከች። የፀጉር ያህል ቀጭን የሰዓት ሞላ በሚገጥሙት ጣቶቿ የሳፋውን ጠርዝ ጨምድዳ ያዘች። «ሰውዬ፣ ሃያ ቁጠርልኝ። ዘለህ ብትቆጥር ወዮልህ!»

መተንፈሻውን ነክሳ ፊቷን ውኃው ውስጥ ከተተች።

«አንድ... ሁለት...» አረፋ የለም። «አምስት... ስድስት...» አሁንም የለም። ትንፋሿን ይዛለች። ያቺን ፍርሃት ያውቃታል፤ አራት ወር ሙሉ አብራው ተኝታ አብራው ተነሥታለች። ጎትቶ ሊያወጣት እጁን ሰደደ፤ ግን መዳፉ ጀርባዋ ላይ አረፈ። ራሱ በረዥሙ አየር ሳበ፣ መዳፉን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ወሰደ። ተነፈሰ፣ ወደ ታች መለሰ። ደግሞ ሳበ።

መተንፈሻው ፊሽሽ አለ። ውኃው ተንፈቀፈቀ።

ቀና ስትል ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ ነበር። «ጠብታ የለውም» አለች፤ ሳቋ ከሳል ጋር ተደባለቀ። «ሃያ ሞላሁ?»

«ሠላሳ አንድ ላይ ነሽ።»

«አታላይ!»

እጅጌውን ሰበሰበና መተንፈሻውን ከእጇ ተቀበለ። አልጠረገውም። ጎኗ ተንበርክኮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ከተተ። ሳበ። የመጣው አየር ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ። ደግሞ ሳበ።

መዳፏ ጀርባው ላይ አረፈ። ድምጿ ከላይ በውኃው ውስጥ ታፍኖ ይሰማዋል፤ ቁጥር አትዘልም። ሃያ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ቀና አላለም።

«ሃያ አንድ» አለች።