ከአስፋልት የማትወርድ መኪና

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ስፖርት መኪናው ላይ ኮይሎቨር ያስገጥም ወይስ ይቅርበት የሚለውን ጥያቄ ለወራት አጥንቶታል። ለዶክትሬቱ እንኳ ይህን ያህል አልደከመም። ያንን የደከመበት ሌላ ሰው ነው፤ ስሙም በግርጌ ማስታወሻ ላይ በትንሹ ፊደል ይገኛል።

ኮይሎቨር ሞላውንና ሾክ አብዞርበሩን አንድ ላይ የያዘ፣ የመኪናን ከፍታ እንደ ልብ ዝቅና ከፍ የሚያደርግ ዕቃ ነው። ዶክተሩ ይህን ለባልደረቦቹ፣ ለዘበኛውና ለጥርስ ሐኪሙ አስረድቷል። ያልገባት ሚስቱ ብቻ ነበረች።

«ቅዳሜን ሙሉ ከመኪናህ ጋር ነህ» አለችው አንድ ቀን። «ወይ እኔን ምረጥ ወይ እሷን።»

«ቅዳሜ ሴሚናር እንዳለኝ እያወቅሽ!»

ከዚያ በኋላ እቤት ውስጥ ሰላምታ እንኳ በግድ ሆነ። ዶክተሩ መኪናዋንም ትዳሩንም እንዳያጣ ፈራ፤ የፈራውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነበር። ስለዚህ ሚስቱ በድንገት «ጋራዡ ድረስ አብሬህ ልሂድ» ስትለው ደስም አለው፣ ገረመውም።

መካኒኩ መልከ መልካም፣ ጥርሱን የማይከድን ጎረምሳ ነበር። መኪናዋን በክሪክ አነሳና ባትሪ እያበራ ከሥር ገባ።

«ዶክተር፣ ይቺ ልጅ ኮረኮንች ትወዳለች» አለ ከዚያው ሆኖ። «ሾኮቿ አልቀዋል። እዚህ ጎማ ሥር ያለው ቀይ ጭቃ ድንች ያበቅላል።»

ዶክተሩ ቱግ አለ። «ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው የምነዳት! መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነው! ዕቃህን ልትሸጥብኝ ነው አይደል?»

«እውነቱን ነው» አለች ሚስቱ። «እሱ ኮረኮንች የት ያውቃል?»

መካኒኩ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ዶክተሩ ሁለቱን በየተራ አየና አልሳቀም።

«በቃ፣ ተሸንፌያለሁ፤ ይገጠምላት» አለች። «ግን እስከ ምን ድረስ ዝቅ ትላለች?»

«እስከፈለጉት ነው፣ እትዬ። መጨረሻው ላይ ካደረግናት ግን ከአስፋልት መውረድ የሚባል ነገር የለም። ከወረደች በሆዷ ነው የምትተኛው።»

«መጨረሻው ላይ አድርጋት። ያምርባታል።»

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ትንሽ ከፍ ብትል ግን...»

«ምነው? አስፋልት ብቻ ነው አላልክም?»

የተማረ ሰው በምስክር ፊት የራሱን ድምዳሜ አያፈርስም። ደግሞም ሐሳቡ ሌላ ጋ ሄዶ ነበር፤ መካኒኩ ስልክ ቁጥሩን የሰጠው ለእሷ ነው።

በዚያ ሳምንት ስልኳ በጮኸ ቁጥር ሚስቱ በረንዳ ላይ እየወጣች ታወራ ጀመር።

«ማነው?»

«የመኪናህ ሐኪም።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ አይደውልም?»

«አንተማ ትቆጣለህ።»

ተረከዝ የሌለው ጫማም ገዛች። ለእሱ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሴት እንዲህ ያለ ጫማ የምትገዛው ልትኮበልል ስታስብ ነው። ዶክተሩ ስለ ትዳር ታማኝነት ያለው አቋም የማያወላውል ነው፤ በሴሚናርም ተናግሮበታል። ተደብቆ ሻርፗን ያሸት ጀመር፤ የሞተር ዘይት የሸተተው መሰለውና እንቅልፍ አጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ አዲሱን ጫማዋን ስታስር ደረሰባት።

«ወዴት ነው?»

«ጉዳይ አለኝ። አንተስ?»

«ሴሚናር።»

በጋራዡ በኩል አለፈ። ዝግ ነው። በአዘቦት ቅዳሜ የሚዘጋ ጋራዥ የት ታይቶ ያውቃል? ተመልሶ አድፍጦ እጅ ከፍንጅ ሊይዛቸው አማረው። ግን ረፍዶበታል፤ ሴሚናሩ ደግሞ ማርፈድ አይወድም።

መኪናዋ እንደ እባብ መሬቱን ታክካ፣ እንደ ንግሥት ኮርታ ከተማውን አቋረጠች። አስፋልቱ ካለቀበት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ለማለፍ ሲሞክር፣ በሆዷ ድንጋይ ላይ ተኛች። ዶክተሩ ወርዶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

ወዲያው ከኋላው ጡሩምባ ሰማ። የጋራዡ ጎታች መኪና ነበር። መሪው ላይ መካኒኩ፣ ከጎኑ ተረከዝ የሌለው ጫማዋን አድርጋ የገዛ ሚስቱ!

«ያዝኳችሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ከደስታ ብዛት ድምፁ ተሰነጠቀ። «ያዝኳችሁ!»

ከፊት ለፊቱ ያለው አረንጓዴ በር ተከፈተና አንዲት ትንሽ ልጅ እየሮጠች መጥታ እግሩ ላይ ተጠመጠመች፦ «አባዬ! ዛሬ ለምን መኪናህን ግቢ አላስገባሃትም?»