ያልታሰሩ ሻሾች

ስንዱ ሻሿን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። ወጌሻው አባቷ አቶ ዘርጋው ቀኝ ትከሻዋን በቅቤ ያሹ ጀመር። አርባ ዓመት የሰው አጥንት ሲጠግኑ ኖረዋል። ዛሬ ሥጋ ብቻ መሆን ባለበት ቦታ ጠንካራ ነገር ጣታቸውን ገፋው።

«ወድቀሻል?»

«አልወደቅሁም፣ አባባ። ሻሼን ለማሰር እጄ ወደ ላይ አልወጣ ብሎኝ ነው።»

ከሁለት ዓመት በፊት ያገሩ ሰው ሁሉ የደም መርፌ ተወግቶ ነበር። በየሴሉ ውስጥ ደም እንዲሠራ የሚያዘው፣ ጂን የሚሉት ቁልፍ እየደከመ ስላስቸገረ፣ የቁልፉ ወንድም የሚባል ተመሳሳይ ቁልፍ በመርፌው በቦታው ተተካ። ከዚያ ወዲህ ደም ማነስ የሚባል በሽታ የለም።

«የቁልፉ ወንድም ቀድሞ ሥራው ምን ነበር?» አሏት አቶ ዘርጋው።

«አጥንት ማሠራት ነው አለችኝ ነርሷ። ግን ወንድማማች ስለሆኑ የአንዱን ሥራ ሌላው ይሠራል አለች።»

«የኔ ወንድም አራሽ ነበር። የተሰበረ እጅ ብሰጠው እንደ እርፍ ነበር የሚጨብጠው።»

ስንዱ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ግራ ትከሻዋን ዳሰሱ፤ ጠንካራው ነገር እዚያም አለ።

«ይድናል፣ አባባ?»

«የተሰበረውን እጠግናለሁ። ያለ ቦታው የበቀለውን አጥንት ግን እንጃ፣ ልጄ።»

ሻሿን ከአንገቷ አንስተው ራሳቸው አሰሩላት። ከዚያ ተረኛ ሊጠሩ በሩን ከፈቱ።

ደጅ ላይ ዐሥራ ሁለት ሴቶች ተሰልፈዋል። ሁሉም ሻሻቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገዋል።