መቀመጫ አራትን ለምን ይዘላል?

ጀማሪው ፕሮግራመር ሥራ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ተገለጠለት፤ ከሚያነበው ኮድ ግማሹ እንኳ አልገባውም።

ኮዱ የአውቶቡስ ትኬት የሚቆርጥ ፕሮግራም ነው። ብሮውዘር ላይ ከፍቶ ያነባል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ደግሞ ከላይ ይጀምራል። ለቃለ መጠይቅ በቀረበ ጊዜ «የማንንም ኮድ በሳምንት እጨርሳለሁ» ብሎ ጉራውን ነዝቷልና አሁን ማንን ይጠይቅ? የሙከራ ጊዜው ሦስት ወር ነው። አለማወቁ ከታወቀ የስንብት ደብዳቤውን ተቀብሎ መሄድ ነው፤ እናቱ ደግሞ «ልጄ ኮምፒውተር ያዛል» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

ደግነቱ በመሥሪያ ቤቱ ብሮውዘሮች ላይ ከድሮ ጀምሮ የተጫነ አንድ ነገር አለ። የኮዱን መስመር ሲጫኑት ጎኑ ላይ ቢጫ ወረቀት ብቅ ይላል። እዚያ የተጻፈውን ከጸሐፊው በቀር ማንም አያይም። ጀማሪው እፍረቱን ሁሉ እዚያ አራገፈ። «መቀመጫ አራትን ለምን ይዘላል? የጻፈውን ሰው ምን ነክቶት ነው? ወይስ እኔን?» «ትኬቱ ከመታተሙ በፊት ፕሮግራሙ ሦስት ሰከንድ የሚተኛው ለምንድን ነው? ማንን ልጠይቅ?»

ጣጣው የመጣው ሰኞ ስብሰባ ላይ ነው። ከፊት ለፊቱ የሚቀመጡት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው አንጋፋ ፕሮግራመር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ መቀመጫ አራት ያወሩ ጀመር። የመጀመሪያው አውቶቡስ አራተኛ መቀመጫ የተሰበረ ነበር አሉ፤ አውቶቡሱ ከተሸጠ ዘመናት አልፈዋል፣ መስመሩን ደፍሮ የሚነካ ግን ጠፋ። በሳምንቱ ደግሞ የሦስቱን ሰከንድ ነገር አነሡ። የድሮው ማተሚያ እስኪሞቅ ነበር።

ጀማሪውን ላብ አጠመቀው። ሰውዬው ማስታወሻውን እያነበቡ ነው።

ለማጣራት ወጥመድ ዘረጋ። አንድ ጤነኛ መስመር መርጦ «ይህ ስህተት ነው» ብሎ ጻፈበትና ጠበቀ። ጋሼ ስለዚያ መስመር ትንፍሽ አላሉም። ነቅተውበታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ተንኮል ለኮዱ ቢያውለው ኖሮ እስካሁን በገባው ነበር፤ እሱ ራሱም ይህን አላጣውም።

በሌላ ቀን ጋሼ የሻንጣ ክብደት ሁለት ጊዜ ሲደመር ብታዩ አትደንግጡ፣ ታች ወርዶ ለሁለት ይካፈላል አሉ። ጀማሪው እዚያ ገጽ ገና አልደረሰም፣ ማስታወሻም አልጻፈበትም። ሲከፍተው እውነትም ይደመራል፣ ይካፈላል። ሽማግሌው ዱካቸውን እያጠፉ ነው ብሎ ደመደመ።

የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ፍርሃቱ ባሰ። ጋሼ ያነበቡትን ሄደው ካወሩ አለቀለት፤ ስለዚህ መቅደም አለበት። ኃላፊዋ ቢሮ ገባና ጋሼ የግል ማስታወሻውን እየሰረቁ እንደሚያነቡ በዝርዝር ተናገረ። እየተንተባተበ ሲከስ እሷ ከወረቀቷ ቀና እንኳ አላለችም።

«ከገባህ ስንተኛ ሳምንትህ ነው?» አለችው።

«አሥራ አንደኛ።»

ተነሥታ ጋሼ ጠረጴዛ ድረስ ይዛው ሄደች፤ ክሱንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ጋሼ አልተቆጡም። ማውዙን ነካ ነካ አደረጉና ስክሪናቸውን ወደ እሱ አዞሩለት።

ያው ኮድ ነው። ከመቀመጫ አራት ጎን ቢጫ ወረቀት አለ፣ ከሦስቱ ሰከንድም ጎን፣ ከሻንጣውም ጎን። ሁሉም ላይ «ለምን?» የሚል ተጽፏል። ቀኑ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ነው።

ጀማሪው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

«ታች ውረድና የመጨረሻዋንም አንብባት፣ ልጄ» አሉት ጋሼ።

«ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ሽማግሌ ማስታወሻዬን እየሰረቀ ያነባል። ነገ ለኃላፊው እናገራለሁ።»