የኤርካሎ ደም

እምላለሁ፣ ይህን አታምኑኝም። የጉኑኖ ሰው በሙሉ ተሰልፎ ቢመሰክርላችሁም አታምኑኝም። እኔም ያመንኩት ሰውየው ጎረቤቴ ስለሆነ ብቻ ነው።

ኤርካሎን ደረቱን አቃጠለው። ሌላ ሰው ቢሆን ውሃ ጠጥቶ ይተኛል። የኤርካሎ አባት ግን ማሳ ላይ እርፍ እንደጨበጠ ነው ወድቆ የቀረው። ሚስቱ አስናቀች ይህን ስለምታውቅ አላስቀመጠችውም።

"ልብህ ነው የአሮን አባት። እንደ አባትህ አፈር ላይ ተደፍተህ አላይህም" አለችና ሶዶ ድረስ ጎትታ ወሰደችው።

ሶዶ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ዶክተር አምባቸው የሚባል የጎጃም ልጅ አለ። ከመቅጠኑ የተነሳ ነፋስ ሲነሳ ነርሶቹ መስኮት ይዘጉለታል። በሙያው ግን አይታማም። የኤርካሎን ደረት በሽቦ ተብትቦ የልብ ማሽኑን አስነሳ። ማሽኑ ደህና ነው አለ።

"ማሽን ብቻውን አያስተኛኝም" አለ ዶክተሩ። "የልብ ሥር ውስጡ ሲቆጣ ደም ውስጥ ምልክት ይገኛል፣ ሲአርፒ እንለዋለን። ብቻውን አይፈርድም፣ ግን ይጠቁማል። በሉ ላቦራቶሪ።"

የዚያ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ጉድ ነው። ሰልፉ አረካ ከተማ ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል። መስኮቷ የዶሮ ቤት በር ታክላለች፤ ስም ሲጠራ ክንድ ይገባል፣ ክንድ ይወጣል፣ ቀጣይ ይባላል። ፀሐዩ ደግሞ አናት ይበሳል።

"አንተ ጥላ ሥር ቁጭ በል። ሰልፉን ለእኔ ተወው" አለች አስናቀች፣ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ።

ዶክተሩ ውጤቱን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ።

"ጋሽ ኤርካሎ፣ ደምዎ ውስጥ እሳት አለ።"

እሳቱን ፍለጋ ጥርሱን አንኳኳ፣ ጉሮሮውን በባትሪ አየ፣ እግሩን እንደሚሸጥ በግ አገላበጠ። ቁስል የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ምንም የለም። መድኃኒት ጻፈለትና ቅቤና ጥሬ ሥጋ ከለከለው።

ይህ የሆነው የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሊገባ ሲል ነው። የወላይታን ሰው በጊፋታ ጥሬ ሥጋ መከልከል በቁሙ መቅበር ነው። በሬው ታርዶ ሰፈሩ ሁሉ በዳጣ ሲያጣጥም፣ ኤርካሎ ጥግ ይዞ በውሃ የተቀቀለ የቦይና ሥር ያኝካል። ፊቱ ራሱ ቦይና መሰለ።

አስናቀች ዘብ ቆመች። ከገበያ ሲመለስ አፉን ታሸታለች፣ ጥፍሩን ታያለች። ቤት ውስጥ ካለ ዓይኑ ይሄዳል ብላ የእሱን ድርሻ ሥጋና ቅቤ ራሷ ትጨርስለታለች። ሚስት ማለት እንዲህ ናት።

ቀጠሮው ሲደርስ ተመልሰው ሄዱ። ኤርካሎ ክብደቱ ቀንሶ ዳገቱን እንደ ጥጃ ዘለለው። አስናቀች ከኋላ ምሳውን፣ ጃንጥላውን፣ የእሱን ኮት ተሸክማ በየመታጠፊያው ትቆማለች።

"ምነው?" ይላታል።

"ጫማው ነው። ትናንት ደግሞ መንጋጋዬን ሲቆረጥመኝ አደረ። ሂድ፣ እደርስብሃለሁ።"

ደረሱ፣ ተሰለፈች፣ ውጤት መጣ። ብሶ ተገኘ።

"ሥጋ በልተዋል" አለ ዶክተሩ።

"በእግዚአብሔር ስም፣ አልቀመስኩም።"

"አረካ ሥጋ ቤት በር ላይ ጎረቤታችን ሚልክያስ አይቶሃል" አለች አስናቀች።

"ቆሜ አሸተትኩ እንጂ መቼ በላሁ? ዶክተር፣ ማሽተትም ይቆጠራል?"

ዶክተሩ መድኃኒቱን ጨመረ። ኤርካሎ ከዚያ ወዲያ ሥጋ ቤት ሲያይ አፍንጫውን ይዞ የሚሮጥ ሰው ሆነ። ጎረቤት ግን አላመነውም። እኔ ራሴ አንድ ሁለቴ ጓሮው ገብቼ አጥንት ፈልጌያለሁ። ድመቷ እንኳ ከስታ ነበር።

ሌላ ቀጠሮ። ማሽኑ አሁንም ደህና። ደሙ አሁንም ብሶበታል።

ዶክተር አምባቸው እስክሪብቶውን ግድግዳ ላይ ወረወረ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ሲናደድ ያስፈራል።

"ማሽኑ ሰላም ነው ይላል፣ ደሙ እሪ ይላል! ይደብቁኛል እንዴ ጋሼ? እኔን ነው የሚያታልሉት ወይስ ልብዎን?"

ኤርካሎ ዕንባው መጣ። "ቦይና ነው የምበላው ዶክተር። እርሻዬን ቦይና ብቻ አድርጌዋለሁ። ልሞት ከሆነ ንገረኝና ሥጋዬን በልቼ ልሙት።"

"አዲስ አበባ ሄደው የልብ ሥርዎ በመሣሪያ ይታያል" አለ ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ ልድገመው። መስኮት የለ፣ ሰልፍ የለ። ደሙ እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ ይቀዳል።"

የላቦራቶሪው ልጅ መርፌውን ይዞ ገባ። ኤርካሎ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ዓይኑን ጨፈነ። መርፌው ሲቀርብ አስናቀች ከወንበሯ ተነስታ መሃላቸው ገባች። እስትንፋሷ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"የታመመ ሰው ደም ይቀዳል እንዴ ዶክተር?" አለች፣ ክንዷን ዘርግታ። "እንደ ሁልጊዜው ከእኔ ውሰዱ እንጂ።"