ዘጠነኛው ሰው

ባትሪ በሚያድሰው ፋብሪካ ግቢ የሚሠሩት አሥራ አንድ ነበሩ። የሚያቀልጡት እርሳስ ደማቸው ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ሊታወቅ፣ ከአቅላጭ እስከ ቢሮ ሠራተኛ አሥራ አንዱም ደም ሰጡ። ስማቸው በፋብሪካው ሐኪም መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈ። ለስታቲስቲክስ ባለሙያዋ የደረሳት ቁጥር ብቻ ነበር።

ሠራተኛው «ሚዛን» ይላታል፤ ለማንም አታዳላም። ብርድ ስለማትችል ጠረጴዛዋን ከማቅለጫው ጋር ከሚያዋስናት ግድግዳ ሥር አስጠግታለች።

ሥራ አስኪያጁ ወሬ አይወድም፤ ደንቡንም አሳጥሮ አወጣው። ውጤቱ ከላይኛው ሩብ መስመር፣ ማለትም ከፍተኛውን አንድ አራተኛ ከሚለየው ቁጥር፣ ያለፈ ሰው ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሄዳል። ያላለፈው በዓመቱ ይታያል፤ ውጤቱ ለራሱም አይነገረውም።

ቁጥሮቹን አስገባች። መስመሩ አሥራ ስምንት ላይ ወጣ፤ ያለፉት ሁለት ሰዎች ናቸው።

ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ልውጥ አለ።

«እስቲ በሌላኛው ፕሮግራም ሥሪው።»

«ሒሳብ እኮ አንድ ነው፣ ዶክተር።»

«ግዴለሽም፣ ሞክሪው።»

ሞከረችው። አሥራ አምስት! አሁን ያለፉት ሦስት ሆኑ፤ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደሩ ዘጠነኛ የሆነው፣ ልክ አሥራ ስምንት ያመጣው ሰው ተጨመረ።

ፈራች። ከእሷ በፊት የነበረው ባለሙያ ቁጥር ነካክተሃል ተብሎ ከፖሊስ ጋር ነው የወጣው። በሩን ዘግታ በወረቀት ደግማ አሰላችው። አሥራ አንድ ሰው ለአራት እኩል አይከፈልም። ስለዚህ አንደኛው ፕሮግራም መስመሩን ዘጠነኛው ሰው ላይ ያሳርፈዋል፤ ሌላኛው ደግሞ በስምንተኛውና በዘጠነኛው መሃል፣ በአሥራ ሁለትና በአሥራ ስምንት መካከል ያሰምረዋል። ሁለቱም የታወቀ ደንብ ነው፤ የተሳሳተ የለም።

ታዲያ ሐኪሙ አንዱን ብቻ ለምን ፈለገው?

ሆዷን ቆረጣት። ሰሞኑን እንዲሁ ነው፤ እንቅልፍ የለ፣ አፏ ብረት ብረት ይላል። ፍርሃት ሰው ይገድላል ማለት ይኼ ነው አለች በልቧ።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ተመልሶ መጣ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ዘጠነኛው ሰው ማን ነው?» አለችው።

«መናገር አልችልም፤ ምስጢር ልጠብቅ ፈርሜያለሁ።»

«ዘመድዎ ነው?»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው የምልሽ። እባክሽ፣ አሥራ አምስቱን አስገቢ።»

ይኼ ሰው ለወገኑ ብሎ እኔን ሊያስበላ ነው፣ ስትል አሰበች። ደረጃውን ወጣች፤ ለሥራ አስኪያጁም አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

«አምና በየትኛው ነበር የተሠራው?»

«አሥራ ስምንት ባለው።»

«እንግዲያው ምን ያነታርከናል?» ብሎ ፈረመ።

እፎይ አለች። ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ መኪና ሁለቱን አቅላጮች ይዞ ሲወጣ በመስኮት አየችው። ማንም አልጠራትም፤ ፖሊስም አልመጣም።

ሐኪሙ ሳያንኳኳ ገባ። በሩን ከኋላው ዘጋና ዓይኗን ማየት እየተሳነው ቆመ።

«ሊከሱኝ ይችላሉ፤ ይክሰሱኝ» አላት። «ዘጠነኛዋ አንቺ ነሽ።»