ተሳስተው ነው

ሪያድ፣ ዑረይጃ ሰፈር፣ ማዳም ሙዲ ቤት፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ጀሚላ መጥረጊያዋን ትለቃለች። እስከ ሐሙስ እሺታው ካልመጣ አለቀላት፤ ከዚህ ቤት የምትወጣበት ሌላ በር የላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገር ቤት ኬሚስትሪ ያስተማራት ጋሽ አያሌው፣ እዚሁ ሪያድ የዶክትሬት ዕድል አገኘላት። ትምህርቱ በነፃ፣ ማደሪያው በነፃ፣ በየወሩም መተዳደሪያ። ዲግሪዋን ልኮ ቅጹን የሞላላት እሱ ነው። ከእሷ የፈለገው የአሠሪዋን፣ የከፊሏን የማዳም ሙዲን ስልክ ብቻ ነበር፤ አሠሪ ካልፈረመች ሠራተኛ አትለቀቅማ! ጀሚላ ደላላው ባወጣላት ፓስፖርት እዚህ ከገባች አራት ዓመቷ ነው።

«ልጄ፣ አልፈሻል!» አላት ጋሽ አያሌው ዓርብ ዕለት፣ ሞባይሏ በሚሰጣት በዚያች አንድ ሰዓት። «እስከ ሐሙስ ለሴትዮዋ ይደውላሉ። እምቢ ካለች ቦታሽ ለሌላ ነው።»

ወዲያው ሹመይሲ ሆስፒታል ለምታጸዳው ጓደኛዋ ለውብነሽ ደወለች።

«እህቴ፣ አንቺ ራስሽ እንዳታነሺባት!» አለቻት ውብነሽ። «ልትሄጂ እንዳሰብሽ የነቃች ቀን የመውጫ ቪዛ፣ ኹሩጅ አስመትታ አገርሽ ትልክሻለች።»

እሑድ ስልኩ ጮኸ። ማዳም መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ስትወጣ ፊቷ ተኮሳትሯል።

«ማን ነው ማዳም?»

«ተሳስተው ነው።»

ማክሰኞም ተደወለ። «ተሳስተው ነው» አለች ደግማ።

ሁለቴ ስሕተት? እየደበቀችኝ ነው አለች ጀሚላ ለራሷ።

ረቡዕ የዶሮ ካብሳው ሲቀርብ አልነካችም። ረቡዕና ዓርብ ሆዷን እንደሚያማት ቤቱ ለምዶታል። ማዳም ዝንጅብል አፍልታ ሰጠቻት፤ ግንባሯንም ዳበሰቻት። አስመሳይ! አለች ጀሚላ በልቧ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሳታስበው ባዶ አንገቷን ነካ ነካ አደረገች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ በሩም ተዘጋ። ጀሚላ የመጣው ይምጣ ብላ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«ወላሂ፣ ስንቴ ልንገርህ ወንድሜ?» ትላለች ማዳም ሙዲ። «ምነው ለኛዋ ጀሚላ በሆነ! አሁኑኑ ፈርሜ፣ በራሴ መኪና ይዣት እመጣ ነበር። ኪዳነምሕረት የምትባል ግን እዚህ ቤት የለችም። ኸላስ፣ ለሌላ ስጡት።»

እዚያ ቤት በገባች በአራተኛ ዓመቷ፣ እናቷ ያወጣችላት ስም ሲጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች።